ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ ከመሾሙ አስቀድሞ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ሐምሌ 26 ቀን የዕረፍቱን በዓል የምታከብርለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የአክሱም የመጀመሪያው ጳጳስ መሆኑን የማያውቅ የለም። ጵጵስናው ስለ ገነነ ግን ከዚያ በፊት የነበረው ዘመኑ ብዙ ጊዜ በአጭሩ ይታለፋል። ማስተማር የካህን ሥራ ነው፤ የእኛ ድርሻ ማስቀደስና አሥራት ማውጣት ነው እያሉ የሚቀመጡ ምእመናን በየሰበካው ብዙዎች ናቸው፤ ከካህናትም ይህን አሳብ የሚወድዱላቸው አልጠፉም። ስለዚህ ያን የታለፈውን ዘመን ማንሣት ተገቢ መስሎ ታየን።

የቀድሞ ስሙ ፍሬምናጦስ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሩቅ አገር ለማየት ሲነሣ፣ ዘመዶቹን ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን በብላቴንነታቸው እያስተማረ ይዟቸው ወጣ። ሲመለሱ መርከባቸው ውኃና ስንቅ ለመያዝ በቀይ ባሕር ዳርቻ ቆመች። የዚያ አገር ሰዎች ከሮማውያን ጋራ የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና በመርከቢቱ ያሉትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ብላቴኖች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ያገኟቸውም ራርተው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ አደረገው፤ ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይነቱን አይቶ በግምጃ ቤቱና በደብዳቤዎቹ ላይ ሾመው፤ በኋለኛው ዘመን አጠራር በጅሮንድና ጸሐፌ ትእዛዝ እንደ ማለት ነው። ሊሞት ሲል ለሁለቱም ነጻነት ሰጣቸው። ነገር ግን ንግሥቲቱ ሕፃን ልጇን ይዛ ስለ ቀረች፣ ልጁ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ለመነቻቸውና ቈዩ።

እንግዲህ ልብ ልንለው የሚገባን ከዚህ ላይ ነው። ፍሬምናጦስ በዚያ ጊዜ የቤተ መንግሥት ሹም እንጂ ዲያቆንም ቄስም አልነበረም። የመንግሥቱ ሥልጣን በእጁ ሲገባ፣ ለንግድ ከሚመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያን ይገኝ እንደ ሆነ በብርቱ ይጠይቅ ጀመር። ያገኛቸውንም በየቦታው ለጸሎት የሚሰበሰቡበትን ቤት እንዲያቋቁሙ አደፋፈራቸው፤ ፈቃድ ሰጣቸው፤ ለሕንፃው ቦታና የሚያስፈልገውን ሁሉ አቀረበላቸው። እነዚህ ሰዎች ወደ አክሱም የመጡት የዝሆን ጥርስና ሌላውን ሸቀጥ ሊገዙና ሊሸጡ እንጂ ሊሰብኩ አልነበረም። የምሥጢረ ሃይማኖትን ጥልቅ ትርጓሜ ሁሉ አጠናቅቀው የተማሩም ናቸው ብለን አናስብ። በሚያውቁት ጸሎት ተሰበሰቡ፤ ቤቱን ሠሩ፤ የክርስትናም ዘር በዚያ በቀለ። (ከእነርሱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በፊልጶስ እጅ የተጠመቀው የሕንደኬ ጃንደረባም የግምጃ ቤት ሹም እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል።)

ይሁን እንጂ ፍሬምናጦስ ያልተሰጠውን ክህነት ለራሱ አልወሰደም። የንጉሡ ልጅ አድጎ መንግሥቱን ሲረከብ፣ ንግሥቲቱና ልጇ እንዲቀመጡ አጥብቀው ቢለምኗቸውም ሁለቱ ተሰናብተው ሄዱ። ኤዴስዮስ ዘመዶቹን ናፍቆ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን የጌታን ሥራ መሰወር አይገባም ብሎ ወደ እስክንድርያ ወረደ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ328 ዓ.ም. መንበረ ማርቆስን በተረከበው በቅዱስ አትናቴዎስ ፊትም ቀረበ። የለመነው ለራሱ ሹመት አልነበረም፤ አስቀድሞ ለተሰበሰቡት ክርስቲያኖችና ለተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት የሚገባ ጳጳስ እንዲላክላቸው ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስም በካህናት ጉባኤ መካከል ነገሩን መርምሮ፣ ከዚህ ሰው የሚሻል እንደማይገኝ ዐውቆ ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ መለሰው። መንጋው ቀድሞ ተሰብስቦ ነበር፤ እረኛው በኋላ ተሾመለት። በነጋዴዎቹ ቤቶች ቍርባን ሊቀርብና ጥምቀት ሊፈጸም የሚችለው በዚህ ሹመት ነውና፣ የምእመናኑ ትጋት ክህነትን እንዲሹ አደረጋቸው እንጂ ክህነትን አላስናቃቸውም።

ከዚህ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። በንጉሥ ኢዛና ገንዘብ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተቀረጸ። በ357 ዓ.ም. ገደማም ወደ አርዮሳውያን ያደላ የነበረው ቄሣር ቆንስጣንጢዮስ፣ ፍሬምናጦስ ወደ ግብፅ ተልኮ በአትናቴዎስ ምትክ በተቀመጠው በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ለኢዛናና ለሳይዛና ጻፈ፤ ነገሥታቱ አሳልፈው እንደ ሰጡት የሚናገር ታሪክ ግን የለም።

ይህን ታሪክ የጻፈው ሩፊኖስ ነገሩን የሰማው ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ መሆኑን ይመሰክራል፤ ኤዴስዮስም በኋላ በጢሮስ ቅስና ተቀብሎ ነበር። ጠጅ አሳላፊ የነበረው ይህ ሰው ወደ አክሱም ባይመለስም፣ ያየውን ባይናገር ኖሮ ስለ እነዚያ ነጋዴዎች የምናውቀው ነገር ባልኖረም ነበር። ከነጋዴዎቹ የአንዱም ስም አልተጻፈም።