አባ ኢየሱስ ሞዓ እና የሐይቅ ማኅበር

ሰው ብቻውን ሊጾምና ሊጸልይ ይችላል፤ ፍቅርንና ትሕትናን ግን ከወንድሙ ጋር ካልኖረ በምን ይፈትነዋል? ይህን ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ሕይወት እንረዳለን።

እኒህ ጻድቅ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ሥርዐተ ምንኵስናን ተምረው፣ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጡ። ከሮቢት ተነሥቶ በወልድያና በመርሳ አድርጎ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ይህን ሐይቅ ያገኘዋል። በዚያም ጸሎትና ትምህርት የተባበሩበትን የመነኮሳት ማኅበር አቋቋሙ። በ1273 ዓ.ም. አራቱን ወንጌላት የያዘ መጽሐፍ ለገዳሙ ሰጡ፤ ሀብታቸው የማኅበሩ ሀብት ነበርና።

ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በሐይቅ ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው፣ መምህራቸውን ካስተማሩት ከአባ ዮሐኒ እጅ ቆብና አስኬማ ተቀበሉ። በደብረ ሊባኖስ ትውፊት እንደሚነገረው፣ ወደ ሐይቅ በተመለሱ ጊዜ አባ ኢየሱስ ሞዓ አስኬማን ከገዛ ደቀ መዝሙራቸው እጅ ተቀበሉ። በመንፈስ የወለዱት ልጅ ጸጋን ይዞ ቢመጣ፣ አባትነታቸው ከመቀበል አልከለከላቸውም። ወዳጅነት በክርስቶስ ማለት ይህ ነው፤ የሚሰጥም የሚቀበልም በአንድ ጌታ ፊት ወንድማማች ናቸው።

እንግዲህ ካህናትም ምእመናንም፣ በየማኅበሩና በየሰንበቴው ስለ መቀመጫ ቅድሚያ ከመከራከር፣ ታናሹ ወንድማችን ምን ጸጋ ይዞልን እንደ መጣ እንመልከት። ኅዳር 26 ቀን የጻድቁን መታሰቢያ ስናከብር፣ ዝክራችን በዚህ ትሕትና የታጀበ ይሁን።

በረከታቸው ይደርብን፤ አሜን።