ሮበርት ፉልተን፦ ከሞዴል ጀልባ እስከ እንፋሎት መርከብ

ባቡር ሲባል ቶሎ የሚታየን በሐዲድ ላይ የሚሄደው ነው። የቃሉ መነሻ ግን በባሕር ማዶ ቋንቋ እንፋሎት ማለት ነው። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ይህንኑ እንፋሎት በወንዝ ላይ ለሰው ማመላለሻ ያዋለውን የሮበርት ፉልተንን የሕይወት ታሪክ ነው።

ፉልተን እ.ኤ.አ. በ1765 በአሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ የአባቱ እርሻ ተሸጠ፤ ብዙም ሳይቆይ አባቱ ሞቱ። ከጓደኞቹ ጋር ዓሣ ለማጥመድ ሲሄድ ጀልባውን በእንጨት መግፋት ቢሰለቸው፣ በእጅ የሚዞር መቅዘፊያ ጎማ እንደሠራ ይነገርለታል። በ17 ዓመቱ ገደማ ፊላዴልፊያ ከተማ ገብቶ ሥዕል እየሣለ ይተዳደር ጀመር። ባጠራቀመውም ገንዘብ ለእናቱ እርሻ ገዛላቸው።

ከዚያ ሥዕል ለመማር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። በሥዕሉ ብዙም አልገፋበትም። ልቡ ወደ ማሽንና ወደ ውሃ መንገድ አዘነበለና በ1796 ስለ ቦይ ሥራ መጽሐፍ አሳተመ። በ1797 ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በ1800 ደግሞ በውሃ ውስጥ የምትሄድ ጀልባ ሠርቶ ሞከረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ፉልተን የእንፋሎት ጀልባን በማሰብ የመጀመሪያው ሰው አይደለም። ጆን ፊች የሚባል አሜሪካዊ በ1787 ሠርቶ አሳይቶ፣ በ1790 መንገደኛ እስከ ማመላለስ ደርሶ ነበር። ግን ተሳፋሪውም ገንዘቡም አነሰውና ሥራው ቆመ። ታዲያ የፉልተን ብልጫ ምኑ ላይ ነው? መለካቱ ላይ ነው። በ1802 ፈረንሳይ አገር፣ ፕሎምቢዬር በምትባል ቦታ፣ ትንሽ ወንዝ ገድቦ አንድ ሜትር የማይሞላ ሞዴል ጀልባ አንሳፈፈ። ሞዴሉ የሚንቀሳቀሰው እንደ ሰዓት በሚጠመዘዝ ሞላ ነበር። መቅዘፊያውን እየቀያየረ፣ የትኛው በምን ያህል ጊዜ ስንት ርቀት እንደሚሄድ መዘገበ።

በ1803 ትልቁን ጀልባ ፓሪስ ላይ በሴይን ወንዝ ሠራ። ግን አንድ ሌሊት ማዕበል ተነሣና የማሽኑ ክብደት የጀልባውን ወገብ ሰብሮ ሁሉም ሰጠመ። ፉልተን ተስፋ አልቆረጠም። ማሽኑን ከወንዙ ሥር አስወጥቶ፣ አካሉን አጠንክሮ እንደገና ሠራና በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ላይ ወንዙን ሽቅብ ነዳው።

ወደ አገሩ ሲመለስ የእንግሊዙን የጄምስ ዋትን ኩባንያ ማሽን አስመጣ። ገንዘብ ያገዘው ሮበርት ሊቪንግስተን ነበር። ኦገስት 17 ቀን 1807 መርከቡ ከኒው ዮርክ ተነሣ። ብዙ ሰው ይሣለቅ ነበር፤ መርከቡም ጥቂት ሄዶ ቀጥ ሲል ጊዜ ጉድ ተባለ። ፉልተን ግን ወርዶ ማሽኑን አስተካከለና ጉዞው ቀጠለ። እስከ ኦልባኒ ያለውን 240 ኪሎ ሜትር በ32 ሰዓት ጨረሰው። የሸራ መርከብ አራት ቀን ያህል ይፈጅበት ነበር። ፉልተን በ1815፣ ገና በ49 ዓመቱ፣ ታሞ ሞተ።

ይህ ነገር እኛን አይነካንም እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ1902 በተደረገው ውል መሠረት በ1907 ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ይመጣ ነበር። የወለጋና የኢሉባቦር ቡናም በበቅሎ ጋምቤላ ወርዶ በዚያው መርከብ ተጭኗል።

እኛም ዲጋ ለማስተማር ልምምድ በወጣን ጊዜ ይህንኑ ለተማሪዎች ልናሳይ ፈለግን። በሰርዲን ጣሳ ላይ ትንሽ ክዳን ያለው ቆርቆሮ በሽቦ ሰቅለን፣ በኋላ በኩል በሚስማር በሳነውና ከሥሩ ጧፍ ለኮስን። ጀልባችን ሳፋው ላይ ከመቀመጧ ተገልብጣ ሰጠመች። ልጆቹ ሳቁ፤ እኛ አፈርን። ማታ ነገሩን ስናወጣ ስናወርድ የፉልተን ጀልባ ትዝ አለን፤ የኛም ጥፋት ክብደቱ ላይ ነው። በማግስቱ ቆርቆሮውን ዝቅ አድርገን፣ ውሃውንም በግማሽ ቀንሰን ስንሞክር እየተንፏቀቀች ሳፋውን ተሻገረች። ያን ጊዜ አንዲት ተማሪ፣ እንፋሎቱ ወደ ኋላ እየወጣ ጀልባዋ ለምን ወደ ፊት ትሄዳለች ብላ ጠየቀች። ክፍለ ጊዜው በዚሁ ጥያቄ አለቀ።

ታዲያ ጓደኞች፣ ቀዳዳው ከተደፈነ ቆርቆሮው ሊፈነዳ ስለሚችል ከመለኮሳችሁ በፊት እዩት፤ ልጆቹንም ራቅ አድርጓቸው። ከዚህ በተረፈ ግን፣ ገጠር ስንመደብ ቤተ ሙከራ የለም ብለን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ጣሳ የትም አለ።