የሙዚቃው ሊቅ ጉስታቭ ማኅለርና የልቡ ሕመም

ስማቸው በዓለም ከገነነ የሙዚቃ ደራስያን መካከል አንዱ ጉስታቭ ማኅለር ነው። ይህ ሰው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን የደረሳቸው ሲምፎኒዎች ዛሬም በታላላቅ ከተሞች አዳራሾች ይሰማሉ። የሕይወቱ ታሪክ ሙዚቃን ለሚወዱ ብቻ ሳይሆን ስለ ጤና ለሚያስቡ ሁሉ ትምህርት ይሰጣል። በ50 ዓመት ዕድሜው የገደለው የልብ በር መመርቀዝ እንዴት እንደሚመጣና ሕመምተኛውን ለሞት የሚያደርሱት ነገሮች ምን ምን እንደ ሆኑ ከእርሱ ታሪክ ልንረዳ እንችላለን። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማኅለር የተወለደው ጁላይ 7 ቀን 1860 ዓ. ም. በቦሄሚያ ውስጥ ካሊሽት በምትባል መንደር ነው። ቦሄሚያ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር የነበረች ስትሆን ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ክፍል ናት። ወላጆቹ አይሁድ ነበሩ፤ አባቱ በርንሃርድም የመጠጥ ቤት ነበረው። ቤተ ሰቡ ወዲያው ኢግላው ወደምትባል ከተማ ስለ ተዛወረ ልጁ የወታደሮችን ማርሽና የአገሬውን ዘፈን እየሰማ አደገ። ወላጆቹ 14 ልጆች ቢወልዱም ግማሽ ያህሉ በሕፃንነታቸው ሞቱ። እናቱ ማሪ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። እጅግ የሚወደው ታናሽ ወንድሙ ኤርንስትም ብዙ ወራት ታሞ በልጅነቱ ዐረፈ። እንግዲህ ማኅለር ሞትን የተዋወቀው ገና በታዳጊነቱ ነው ማለት ይቻላል።

በ1875 ዓ. ም. በ15 ዓመቱ ቪየና ወደሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም በ1880 ዓ. ም. በአንዲት ትንሽ ቲያትር ቤት የሙዚቃ ጓድ መምራት ጀመረ። ከደረጃ ወደ ደረጃ እያለ በፕራግ፣ በላይፕሲግ፣ በቡዳፔስትና በሐምቡርግ ከሠራ በኋላ በ1897 ዓ. ም. የቪየና ቤተ መንግሥት ኦፔራ ኀላፊ ሆነ። ይህን ሹመት አንድ አይሁዳዊ ሊያገኘው የማይቻል ስለ ነበረ በዚያው ዓመት የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለ። በዚህ ሥራ ላይ ዐሥር ዓመት ሲቆይ ዘፋኞቹንና ሙዚቀኞቹን ያለ ዕረፍት ያሠራ ነበር፤ ራሱንም ከእነርሱ ይልቅ ያደክም ነበር። ሲምፎኒዎቹን የሚደርሰው በበጋ የዕረፍት ወራት ብቻ ነበር። ቁመቱ አጭር ቢሆንም ሰውነቱ ብርቱ ነበረና መዋኘት፣ ብስክሌት መንዳትና ተራራ መውጣት ይወድ ነበር። በ1902 ዓ. ም. አልማ ሺንድለርን አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ።

የ1907 ዓ. ም. በጋ የኀዘን ወራት ሆነበት። ታላቂቱ ልጁ ማሪያ ገና አምስት ዓመት ሳይሞላት በስካርሌት ትኩሳትና በዲፍቴሪያ ታማ ጁላይ 12 ቀን ሞተች። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሠፈሩ ሐኪም ማኅለርን ሲመረምር በልቡ ውስጥ ያልተለመደ ድምፅ ሰማ። በቪየና የሚገኝ ሌላ ሐኪምም የልቡ በር መጥበቡን አረጋገጠለት።

በልብ ውስጥ አራት በሮች አሉ፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ደም ወደ ፊት ሲሄድ ይከፈታሉ፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስም ይዘጋሉ። የማኅለር ሕመም በግራ በኩል ባሉት በሁለቱ የልብ ክፍሎች መካከል በሚገኘው በር ላይ ነበረ። እንዲህ ያለው ጥበት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በልጅነት ጊዜ በሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ሰበብ ነው። የጉሮሮው ሕመም ሳይታከም ሲቀር የቁርጥማት ትኩሳት ያስከትላል፤ ትኩሳቱም የልብን በር አቍስሎ ጠባሳ ይተውበታል። በልብ ሕመሙ ምክንያት ማኅለር ተራራ መውጣትና መዋኘት ተከለከለ። በዚያው ዓመት የቪየናን ሥራ ትቶ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ፤ በ1908 ዓ. ም. መጀመሪያም በሜትሮፖሊታን ኦፔራ መምራት ጀመረ። በ1909 ዓ. ም. ደግሞ የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ መሪ ሆነ። በሴፕቴምበር 1910 ዓ. ም. ስምንተኛው ሲምፎኒው በሙኒክ ከተማ በተሰማ ጊዜ ከመቼውም የበለጠ ክብር አገኘ።

በልብ በር ላይ ያለ ጠባሳ ለጀርም ምቹ ማረፊያ ነው። በአፍና በጉሮሮ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሐዋስያን አንዳንድ ጊዜ ወደ ደም ሲገቡ ጤናማው በር አያስጠጋቸውም፤ በጠባሳው ላይ ግን ተጣብቀው ይራባሉ። ማኅለርን ጉሮሮው ቶሎ ቶሎ ያመው ነበር። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1911 ዓ. ም. ትኩሳት እያለበት በካርኔጊ አዳራሽ ሙዚቃውን መራ። በዚያች ሌሊት ከተሰሙት መካከል አንዱ፣ ሰው በእናቱ ሬሣ ሣጥን አጠገብ የሚያንጐራጕረው እሹሩሩ ተብሎ የተሰየመ የቡዞኒ ድርሰት ነበረ። ማኅለር ከዚያ ወዲያ በሙዚቃ ጓድ ፊት አልቆመም።

ትኩሳቱ አልለቀው ሲል የማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ሐኪም ኢማኑኤል ሊብማን ተጠራ። ይህ ሐኪም የልብ በር መመርቀዝን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቅ ነበረ። በቆዳና በዓይን ሽፋን ላይ የታዩት ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦችና የልቡ ድምፅ የበሽታውን ዓይነት አስገመቱ። ረዳቱ ጆርጅ ቤር ከክንዱ ደም ቀድቶ ጀርም በሚያድግበት ሳሕን ላይ አኖረው፤ ከአራትና ከአምስት ቀን በኋላም ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ጀርም በብዛት በቅሎ ተገኘ። ማኅለር እውነቱ ሳይሸሸግ እንዲነገረው ፈለገ፤ ተነገረውም። ሐኪሞቹ ገዳዩን በስሙ ያውቁት ነበር፤ የሚያጠፉበት መድኃኒት ግን በእጃቸው አልነበረም።

ማኅለር በኤፕሪል ወር በመርከብ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ፓሪስ ላይ በሴረም ሊያክሙት ቢሞክሩም አልጠቀመውም። በመጨረሻ ወደ ቪየና ተወስዶ ሜይ 18 ቀን 1911 ዓ. ም. ዐረፈ፤ በግሪንሲንግ መቃብር ከልጁ አጠገብ ተቀበረ። ዘጠነኛው ሲምፎኒው በሚቀጥለው ዓመት በብሩኖ ቫልተር መሪነት ተሰማ፤ ደራሲው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰማው ቀረ።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው በ1928 ዓ. ም. ሲሆን በ1940ዎቹ ዓመታት በብዛት ሲሰጥ ይህን በሽታ ማዳን ተቻለ። ከ1960 ዓ. ም. ወዲህም የተበላሸውን በር በቀዶ ሕክምና አውጥቶ ሰው ሠራሽ በር መተካት ተጀመረ። ሆኖም ዛሬም ቢሆን በዚህ በሽታ ሆስፒታል ከሚገቡት ከአምስቱ አንዱ ያህል ይሞታል። ለሞት የሚያቀርቡት ነገሮችም የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው በሩ ተበጥሶ ልብ ሲደክምና ሳንባ ውኃ ሲሞላ ነው። ሁለተኛው በበሩ ላይ የበቀለው ነገር ተቈርሶ ወደ አንጎል ሲሄድ ነው። ሦስተኛው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ኀይለኛ ጀርም ሲሆን ነው፤ ይህ ጀርም በቆዳ ቁስልና ንጹሕ ባልሆነ መርፌ ሊገባ ይችላል። ከዚህም ሌላ እርጅና፣ የኩላሊት መድከምና ቀድሞ የተተካ ሰው ሠራሽ በር አደጋውን ያብሳሉ። በእነዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ መዘግየት አለ። ትኩሳቱ ለሳምንታት ቀስ እያለ ስለሚመላለስ ብዙ ሰው ብርድ ነው እያለ ይተወዋል፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ በሩ ፈርሶ ይገኛል።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። ማኅለር በሽታውን ሳይሸሽግ መድኃኒት ያጣ ሰው ነበረ፤ እኛ ግን መድኃኒቱ በተገኘበት ዘመን እንኖራለን። በአገራችን ከጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የልብ በር ሕመም ዛሬም ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን ያጠቃል። ስለዚህ ወላጆች የልጆቻቸውን የጉሮሮ ሕመም በቸልታ አይለፉት፤ የታዘዘውንም መድኃኒት እስከ መጨረሻው ያስወስዷቸው። የልብ በር ሕመም ያለበት ተማሪ ጥርሱን በንጽሕና ይያዝ፤ ጥርሱን ከማስነቀሉ በፊት ሕመሙን ለሐኪሙ ይንገር፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሲመላለስበትም ደሙ ሳይመረመር አይክረም። በ1911 ዓ. ም. ከሊብማን እጅ የጠፋው መድኃኒት ዛሬ በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ የሚቀረው በጊዜ መድረስ ነው።