በቀልን የናቁ፣ ፍትሕን ያልተዉ ሰባኪ
በበዓለ ትንሣኤ ሰሞን የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ሕይወት እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ1929 በአትላንታ የተወለዱት እኒህ ጥቁር አሜሪካዊ ሰባኪ፣ በ1956 በሞንትጎመሪ ቤታቸው በቦምብ በተመታ ጊዜ ለበቀል የተሰበሰበውን ሕዝብ አረጋግተው ወደየቤቱ መለሱት። በ1963 በዕለተ ስቅለት በበርሚንግሃም ታሰሩ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የከተማዋ ፖሊስ በሰልፈኛ ልጆች ላይ ውሻ ለቀቀ። በ1965 በሎስ አንጀለስ፣ በዋትስ ሰፈር፣ ፖሊስ አንድ አሽከርካሪ በማሰሩ የተነሣው ሁከት 34 ሰዎችን ፈጀ። ኪንግ ስፍራው ድረስ ሄደው ሁከቱን ነቀፉ፤ በዚያ ግን አላበቁም፤ የፖሊስን በደል የሚመረምር የሲቪሎች ቦርድ እንዲቋቋም ጠየቁ። ከንቲባው አልተቀበሉም። በ1968 በሜምፊስ በጥይት ተገደሉ። ከሕይወታቸው የምንማረው፣ ደም ማፍሰስ ፍትሕን እንደማይወልድ፣ በደልን አይቶ ዝም ማለትም ሰላም እንዳልሆነ ነው። እንኳን አደረሳችሁ።