መስታወቱን ያዘነበለው ሙዚቀኛ

ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሰው ዊልያም ኸርሼል ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 1738 በጀርመን፣ ሃኖቨር ከተማ ነው። አባቱ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ተጫዋች ነበሩ፤ ዊልያምም የአባቱን ሙያ ያዘ። በ1757 አገሩ ጦርነት ላይ ስለነበረች ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። እዚያም ሙዚቃ እየተጫወተና እያስተማረ ራሱን ቻለ። በ1772 ታናሽ እህቱን ካሮላይንን ወደሚኖርበት ባዝ ከተማ አመጣት።

ዊልያም ቀን ሙዚቃ ያስተምራል፣ ማታ ኮከብ ያያል። ጥሩ ቴሌስኮፕ ግን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ራሱ ሊሠራ ቆረጠ። በዚያ ዘመን የቴሌስኮፕ መስታወት የሚሠራው መዳብና ቆርቆሮ አብሮ በማቅለጥ ነበር። የቀለጠው ብረት የሚፈስበትን ቅርጽ ከምን የሠሩት ይመስላችኋል? ከፈረስ ፋንድያ! ካሮላይን ፋንድያውን ወቅጣ በወንፊት ትነፋ ነበር። አንድ ቀን ብረቱ ፈስሶ የወለሉን ድንጋይ ሲያፈነዳው ሁሉም እግሬ አውጪኝ ብለው ሮጡ። መስታወት ማለስለስ ከተጀመረ ደግሞ እጅ አይነሳም፤ ስለዚህ እህቱ እያጎረሰች ታበላው ነበር።

ድካማቸው ግን ከንቱ አልቀረም። ማርች 13 ቀን 1781 ዊልያም ራሱ በሠራው ቴሌስኮፕ ዩራነስ የተባለችውን ፕላኔት አገኘ። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛም በዓመት 200 ፓውንድ ስለቆረጡለት ሙዚቃውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለሰማይ ሰጠ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበው ነበር። ትልቁ መስታወት ከቱቦው ሥር ሆኖ የኮከቡን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ላይ ይመልሳል። ከቱቦው አፍ አጠገብ፣ መሀል ላይ የተቀመጠ ትንሽ መስታወት ደግሞ ብርሃኑን ወደ ዓይን ያዞረዋል። ይህ ትንሽ መስታወት ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ የሚገባውን ብርሃን ይጋርዳል። ሁለተኛ፣ የብረት መስታወት የደረሰውን ብርሃን ሁሉ ስለማይመልስ ከፊሉን ያስቀራል። ደብዛዛ ኮከብ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ታዲያ በ1787 ምን አደረገ? ትንሹን መስታወት አውጥቶ ጣለና ትልቁን በትንሹ አዘነበለው! ብርሃኑ አሁን የሚሰበሰበው ቱቦው አፍ ጠርዝ ላይ ሆነ። እሱም ጀርባውን ለኮከቡ ሰጥቶ ከላይ ወደ ቱቦው ውስጥ ያይ ጀመር። በዚያው ወር ዩራነስን የሚዞሩ ሁለት ጨረቃዎች አገኘ። በ1789 ደግሞ ቱቦው 12 ሜትር የሚረዝም፣ መስታወቱ 1.2 ሜትር የሚሰፋ ትልቅ ቴሌስኮፕ በዚሁ ዘዴ ሠርቶ ጨረሰ። ለዚህም ንጉሡ 4,000 ፓውንድ ሰጥተውታል።

ዘዴው ግን እንከን ነበረው። መስታወት ሲዘነበል ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ጅራት ያወጣል። መፍትሔው ኋላ መጣ። አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን አስቡ። ከመሀሉ ሳይሆን ከጎኑ ክብ ቁራጭ ብናወጣ ያ ቁራጭ ብርሃኑን የሚሰበስበው ወደ ጎን ነው፤ የሚጋርደው ነገር የለም፣ ምስሉም አይበላሽም። እንዲህ ያለ መስታወት መሥራት ከባድ ቢሆንም፣ ሃዋይ ውስጥ 4 ሜትር የሚሰፋ መስታወት ያለው የፀሐይ ቴሌስኮፕ በ2020 የመጀመሪያ ምስሎቹን አሳይቷል። ብዙ ቤት ጣሪያ ላይ ያለው የሳተላይት ዲሽም እንደዚሁ ነው፤ መቀበያው ከታች በኩል ወጣ ያለው ዲሹን እንዳይጋርደው ነው።

ዊልያም በ1822 በ83 ዓመቱ አረፈ። ካሮላይንም 8 ጅራታም ኮከቦች አግኝታለች፤ ከ1787 ጀምሮም ከንጉሡ በዓመት 50 ፓውንድ ደመወዝ ይከፈላት ነበር። በ1848 በ97 ዓመቷ አረፈች።

ጥያቄዎች
1. ኸርሼል ትንሹን መስታወት ለምን አወጣው?
2. ካሮላይን ወንድሟን በምን በምን ረዳችው?
3. በመንገድ ላይ ዲሽ ስታዩ መቀበያው የት እንዳለ ተመልከቱና ሥዕሉን ሥላችሁ አምጡ።

መልካም ሳምንት!