ኧርነስት ሄንሪ ስታርሊንግ፦ የልብ ሕግና የፈሳሽ ልክ

ከማጀቴ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው የይፋት ምድር በሴፕሲስ የተጠቃ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ ባለሙያው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ምን ያህል ፈሳሽ እንደሚሰጥ መወሰን ይኖርበታል። የዚህ ውሳኔ ሳይንሳዊ መሠረት በአብዛኛው የተጣለው በእንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ በኧርነስት ሄንሪ ስታርሊንግ ነው።

ስታርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1866 በለንደን ተወለደ። አባቱ በቦምቤይ የሚሠራ የሕግ ሰው ነበር። በጋይስ ሆስፒታል ሕክምና ከተማረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1892 ወደ ብሬስላው ተጉዞ በሃይደንሃይን ቤተ ሙከራ ሠራ። ሃይደንሃይን ሊምፍን የሚያመነጩት የቀጫጭን ደም ሥሮች ሕዋሳት ናቸው ባይ ነበር። ስታርሊንግ ግን ከደም ሥር ፈሳሽን የሚያስወጣው የደም ግፊት፣ መልሶ የሚስበው ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1896 አስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ1899 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ። ከእኅቱ ባል ከዊልያም ቤይሊስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1902 ሴክሬቲንን አገኘ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ሆርሞን የሚለውን ቃል ለሳይንስ አስተዋወቀ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር፣ ከነርቭ ቁጥጥር በተለየ የውሻ ልብና ሳንባ ላይ ባደረገው ምርምር፣ ልብ በደም ይበልጥ በተሞላ ቁጥር ይበልጥ አጥብቆ እንደሚኮማተር አሳየ። ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ በእንቁራሪት ልብ ላይ ቀደም ሲል ተመሳሳይ ነገር ስላስተዋለ፣ ሕጉ ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል። ይሁን እንጂ ሙላቱ ከልክ ሲያልፍ ልብ የሚረጨው ደም አይጨምርም።

በጦርነቱ ጊዜ መርዛማ ጋዝን በመከላከል ሥራ አገለገለ። የጦር አመራሩን በግልጽ ይተች ስለነበር ባለሥልጣናት አልወደዱትም። እ.ኤ.አ. በ1920 በአንጀት ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ምርምሩን አላቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1927 በመርከብ ሲጓዝ ጃማይካ አጠገብ ዐረፈ፤ በኪንግስተንም ተቀበረ።

ሁለቱ ግኝቶቹ በሴፕሲስ ላይ ይገናኛሉ። በሴፕሲስ የደም ሥሮች ግድግዳ ስለሚያፈስ የተሰጠው ፈሳሽ በደም ሥር ውስጥ አይቆይም፤ የልብ ጡንቻም ስለሚዳከም ለሙላት የሚሰጠው ምላሽ ያንሳል። በጤናማ ልብ ላይ የታየው ጥቅም በታመመ ልብ ላይ አይደገም ይሆናል።

ይህ ሐሳብ በአፍሪካ ብርቱ ማረጋገጫ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛንያ የተካሄደ ጥናት፣ ብርቱ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም የታየባቸውን 3,141 ሕፃናት ተከታተለ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ወባ ነበረባቸው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው በሁለቱም ምድቦች 10.6 እና 10.5 በመቶ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው ግን የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። ትርፉ ሞት በአብዛኛው የመጣው ከልብና ከደም ዝውውር መውደቅ መሆኑን ተከታዩ ትንተና አመለከተ። በተቅማጥ ውኃ ያጡ ሕፃናት በጥናቱ አልተካተቱምና ውጤቱ ለእነርሱ አይሠራም።

እንግዲህ የስታርሊንግ ሕግ ፈሳሽ ሁልጊዜ ይጨመር የሚል ትእዛዝ አይደለም። ወባ በሚበዛበት ቆላ የሚሠራ ሐኪም፣ ከእያንዳንዱ መጠን በኋላ የልብ ምትን፣ አተነፋፈስንና የሳንባን ድምፅ ዳግም መርምሮ ቀጣዩን መወሰን ይገባዋል።