የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ማይክል ፋራዴይ

በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ በዓባይ ወንዝ ላይ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 13ቱ ተርባይኖች 5,150 ሜጋዋት ኃይል ለማመንጨት የተዘጋጁ ናቸው። እንዲህ ባለ ጣቢያ ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ፣ ሽቦዎች ተጠጋግተው በታጨቁበት ሣጥን ውስጥ የአንዱን ሽቦ ጅረት፣ ማለት ከረንቱን፣ ለመለካት ሲፈልግ ሽቦውን መቁረጥ አያስፈልገውም። ክላምፕ ሜትር የተባለውን በእጅ የሚያዝ መለኪያ አውጥቶ መንጋጋውን ይከፍታል፤ ሽቦውን አቅፎበት ቁጥሩን ያነባል። ተርባይኑ የሚያዞረው ጄኔሬተርም፣ ይህ ትንሽ መለኪያም የሚሠሩት በአንድ የተፈጥሮ ሕግ ስለ ሆነ፣ ሕጉን ያገኘውን ሰው የሕይወት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደናል። በታሪኩ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማይክል ፋራዴይ በ1791 ለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ፣ ያውም በሽተኛ ስለ ነበረ ቤተ ሰቡ በችግር ይኖር ነበር። ልጁም ከንባብ፣ ከጽሕፈትና ከመጠነኛ ሒሳብ በቀር ትምህርት አላገኘም። 14 ዓመት ሲሆነው ሙያ እንዲማር ለአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ተሰጠና በዚያ 7 ዓመት ሠራ። የሚጠርዘውን መጽሐፍ ሁሉ ያነብ ስለ ነበር፣ ስለ ኤሌክትሪክ ብዙ ነገር ያወቀው ለመጠረዝ ከመጣ ኢንሳይክሎፔዲያ ነው።

በ1812 አንድ ደንበኛ የመግቢያ ወረቀት ስለ ሰጠው የታወቀውን የኬሚስትሪ ሊቅ የሰር ሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት ለመስማት ቻለ። የሰማውን ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለሊቁ ላከለት። በተከታዩ ዓመት በሮያል ኢንስቲትዩሽን ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ዴቪን ተከትሎ አውሮፓን ሲዞር እንደ አሽከር ቢቆጠርም፣ ንቀቱን ታግሦ ዕውቀቱን ሰበሰበ።

ኤርስቴድ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1820 ጅረት የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አስታውቆ ነበር። ፋራዴይ ደግሞ በተራው ከማግኔት ጅረት ለማግኘት ይመራመር ጀመር። በ1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ሽቦ ጠመጠመ። አንደኛውን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝና ሲለያይ በሁለተኛው ሽቦ ላይ ጅረት ብልጭ አለ፤ የባትሪው ጅረት ጸንቶ በቆየ ጊዜ ግን ምንም አልታየም። ምስጢሩ ለውጡ ነበር። በዚያው ዓመት በማግኔት ጫፎች መካከል የመዳብ ሳሕን አዙሮ ጅረት አስገኘ። የጉባዎቹም ጄኔሬተሮች የዚያ ሳሕን ዘሮች ናቸው።

የክላምፕ ሜትር መንጋጋም ያው የብረት ቀለበት ነው፤ ልዩነቱ መከፈቱና መዘጋቱ ነው። የታቀፈው ሽቦ የመጀመሪያውን ጥቅል ይተካል፤ ሁለተኛው ጥቅል በመንጋጋው ውስጥ ተደብቋል። በአገራችን መሥመር የሚሄደው ጅረት በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ በጥቅሉ ውስጥ ሌላ ጅረት ዘወትር ይነሣል። ጸንቶ ለሚሄደው ለባትሪ ጅረት ግን ሌላ ዓይነት ክላምፕ ያስፈልጋል። መሄጃውና መመለሻው ሽቦ አብረው ቢታቀፉ ደግሞ አንዱ የሌላውን ስለሚያጠፋ መለኪያው ዜሮ ያሳያል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ሽቦው ባዶ መስሎት እጁን ቢሰድድ በሕይወቱ ላይ ይፈርዳል።

ፋራዴይ ሰር የሚያሰኘውን ማዕረግም፣ የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዚዳንትነትም አልቀበልም ብሎ በ1867 በ75 ዓመቱ ሞተ። ከፍተኛ ሒሳብ ስላልተማረ ሐሳቡን በሒሳብ ያጸናለት ሌላው ሊቅ ማክስዌል ነው።

በአገራችንም ብረት ቀጥቃጭ በሙያው ሲሰደብ መኖሩን፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ በአዋጅ መከልከላቸውን እናስታውሳለን። አዋጁ አፍን ይከለክል ይሆናል፤ ልብን የሚያቀናው ግን ማስተዋል ነው። ስለዚህ ተማሪውም ሆነ ወጣቱ ሹም፣ እጁ በብረትና በዘይት የጠቆረ ሰው ሲያይ፣ ዛሬ ቤቱን የሚያበራለት ዕውቀት ከማን ቤት እንደ ወጣ ያስብ።